ወረቀቱ ለተበዳሪውም ነው

ወንድም ለወንድሙ ሃምሳ ሺህ ብር ሲያበድር «እንፈራረም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ይኸው ሰው ግን እድሩ ያለ ካርኒ አሥር ብር ቢቀበለው ቡራ ከረዩ ይላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝምድና አይቆጥርም። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው። «ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ጎረቤት ቢሰለፍም የቃል ምስክርነቱ ብቻውን ብድሩን አያስረዳም። ያኔ 500 ብር ለብዙው ሰው የወራት ገቢ ነበር። ዛሬ ክትፎ ቤት ይዞት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ የሕጉ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም።

የ500 ብሯ ነገር በዚህም አታበቃም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባለትዳር ከዚህ በላይ ሲበደርም ሆነ ሲያበድር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። በስተኋላ «እኔ አላውቅም» የምትል ሚስት ወይም የሚል ባል እንዳይመጣ ከመነሻው አብሮ ማስፈረም ነው።

«በሞባይል ባንኪንግ ልኬለታለሁ፣ ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?» የሚሉም አሉ። የባንኩ መዝገብ ብሩ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ተቀባዩ «የድሮ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ቢልስ?

ውሉ ራሱ ከአንድ ገጽ አያልፍም። የሁለቱ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ ተበዳሪው ብሩን መረከቡ፣ የሚመለስበት ቀን፣ ፊርማና ሁለት እማኞች። ወለድ ካለ ጣሪያው በዓመት 12 በመቶ ነው፤ ከ9 በመቶ ካለፈ ደግሞ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ዋስ ከተጠራም እስከ ስንት ብር እንደሚዋስ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም።

በፍርድ ቤት አካባቢ የሚሠሩ ራፖር ጸሐፊዎች ውሉን ሲዘጉ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ማለት ይወዳሉ። ብዙ ፈራሚ ለማሳመሪያ የገባ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተፈረመበት ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል የሚታመን ማስረጃ መሆኑን የሚደነግግ ነው። አራጣ አበዳሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ 100 ሺህ ሰጥቶ «150 ሺህ ተቀብያለሁ» ብሎ ያስፈርማል። የቸገረው ሰው ይፈርማል፤ በኋላ «የወሰድኩት እኮ መቶ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?

የሚዘነጋው ግን መመለሱ ነው። ያው ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መከፈሉም በዚያው መንገድ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ሰው በቡና መሐል እጅ በእጅ ከፍሎ፣ ተመራርቆ ይለያያል፤ ሰነዱ አበዳሪው ቤት ይቀራል። አበዳሪው ድንገት ቢሞት ወራሾቹ ከሣጥን የሚያወጡት ያልተቀደደ ውል ነው። በሕግ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ ይርጋው 10 ዓመት ስለሆነ ለመክሰስ አይቸኩሉም። ስለዚህ ውሉን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በየክፍያው ቀኑንና መጠኑን ጀርባው ላይ መፈራረም፣ ሲያልቅም ዋናውን ሰነድ መረከብ ይገባል። አበዳሪው «የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ» ካለ፣ «ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» ብሎ እዚያው ይፈርም።