የሜክሲኮ ዝናብ፣ የሳንሱሲ በርበሬ

እናቴ በርበሬ ታዘጋጃለች። ለሠፈሩ፣ ለእድር ጓደኞቿ፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ ለሚያዟት ሰዎች። ዛላውን ትገዛለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ሸራ ዘርግታ ታሰጣዋለች። ፋሲካ ሲቃረብ ሳንሱሲ ያለው ቤታችን በር ላይ የደረሰ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል።

እኔ ደግሞ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። ቀን ቀን ለአንድ ድርጅት የክፍያ ሲስተም እጽፋለሁ፤ ማታ ማታ ማንም ያላዘዘኝን የአየር ሁኔታ ካርታ እሠራለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለ ካርታው ነው፤ ስለ 20 ኪሎ በርበሬም ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2015 ክረምት ነው። ቢሮዬ ቦሌ ነው። ሳንሱሲ ከከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ቡራዩና አምቦ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ናት። ጠዋት ከቤት በዝናብ ወጥቼ ቦሌ ስደርስ መሬቱ ደረቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ዛሬ ደግሞ የት ዋኝተህ መጣህ?» ይሉኛል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ለ«አዲስ አበባ» የሚያሳየው አንዲት የደመና ሥዕል ብቻ ነው። ለቦሌም ያቺው፣ ለሳንሱሲም ያቺው። የሠፈሬን ዝናብ የሚነግረኝ ነገር እፈልግ ነበር።

ስፈልግ ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖኣ፣ ጂኤፍኤስ የሚባል ሞዴል አለው። መላውን ዓለም በቀን አራት ጊዜ ያሰላል፣ እስከ 16 ቀን ድረስ ይተነብያል፣ ውጤቱንም ለማንም ሰው በነጻ ይለቃል። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ። ፋይሎቹ ግን ከባድ ናቸው፤ የአንዲት ሰዓት ትንበያ ብቻ 500 ሜጋባይት ግድም ይሆናል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ ነው። ደግነቱ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን ትንሽ ማውጫ አለች፤ ዝናቡ ከስንተኛው ባይት እስከ ስንተኛው እንደተቀመጠ ትናገራለች። ያንን ቁራጭ ብቻ መርጦ ማውረድ ይቻላል። ይህን ያወቅኩ ዕለት ከደስታዬ ብዛት አልተኛሁም።

የመጀመሪያው ካርታዬ አዲስ አበባን አሰጠማት። ጂኤፍኤስ ዝናቡን እየደመረ ነው የሚሰጠው፦ የመጀመሪያው ሰዓት፣ ከዚያ የሁለቱ ሰዓት ድምር፣ የሦስቱ ድምር፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው ሰዓት፤ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ድምሮቹን መልሼ ደመርኳቸው። ሁለተኛው ስህተቴ ሰዓት ነበር። ፋይሎቹ የሚሄዱት በዩቲሲ ነው። ለአዲስ አበባ 3 ትደምራለህ፣ ከዚያ የእኛ ሰው እንደሚቆጥረው እንዲሆን 6 ትቀንሳለህ። እኔ ደምሬ መቀነሱን ረሳሁት። እናቴ ስልኬን አየችና «15 ሰዓት ደግሞ የት አገር ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም አስተካከልኩ። ሊፍሌት በሚባለው ነጻ መሣሪያ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ የመንገድ ካርታ በላይ፣ ዝናቡን በሰማያዊ ቀለም አስቀመጥኩት። ቀለሙ ከእንጦጦ ወደ አስኮ፣ ከአስኮ ወደ ሳንሱሲ እየሳሳ ሲወርድ ውኃ ቀለም ይመስላል። ለጓደኞቼ ላክሁ፤ «ቆንጆ ነው» አሉ። እውነትም ቆንጆ ነበር።

በ2016 መጋቢት አንድ ቅዳሜ እናቴ ልቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን እየለበሰች ጠራችኝ። ከእቁቧ ብር የተገዛው 20 ኪሎ ዛላ ታጥቦ በጆንያ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ያ ካርታህ ዛሬ ምን ይላል? ላስጣው ወይስ ይቅር?»

ከፈትኩት። ሳንሱሲ ነጭ ናት። «አስጪው እማ፣ ዝናብ የለም።»

«ወጨጫ በኩል ግን ጠቆር ብሏል።»

ወጨጫ ከእኛ ወደ ምዕራብ ያለው ተራራ ነው። እናቴ ዝናብን የምታውቀው በእሱና በእንጦጦ ነው። እኔ ስልኩን አስጠጋሁላት፤ ካርታውን የቤታችን ጣሪያ እስኪታይ ድረስ አጎላሁት። ጣሪያችን ነጭ ነበር። «አየሽ?» አልኳት። አየች። አሰጣችውና ሄደች። እኔም ጓደኛዬን ላገኝ ጦር ኃይሎች ወረድኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ጎረቤታችን ደወለች። «ስጡ! ስጡ!» ብቻ ነው ያለችው። እኔ ያለሁበት ቦታ ፀሐይ ነበር።

ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ቀይ ውኃ ከግቢያችን ወጥቶ በቦዩ ይወርዳል። እናቴ ከነልቅሶ ነጠላዋ ተንበርክካ ትለቅማለች። አልተቆጣችም። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ምን ታደርግ፤ ካርታው ነው ያለው» አለች።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርታው ማን ሆነና?

በርበሬውን ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ የኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ ሳይቀር በተንነው። ሰማዩ ግን ለቀናት አልከፈተም። አብዛኛው ሻገተ። ሰዎች «ሲፈጭ አይታወቅም» ብለዋት ነበር፤ እሷ «ለሰው አላበላም» ብላ ደፋችው። 6 ኪሎ ግድም ተረፈ።

የዚያን ዕለት ማታ ያንን ነጭ ቀለም ከየት እንዳመጣሁት ፍለጋ ገባሁ። ጂኤፍኤስ ዓለምን የሚያሳየው በሩብ ዲግሪ ርቀት በተቀመጡ ነጥቦች ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ሩብ ዲግሪ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለሳንሱሲ የምትቀርበው ነጥብ 9.00 ሰሜን፣ 38.75 ምሥራቅ ናት። ካርታ ላይ ስትቀመጥ በሜክሲኮ አደባባይና በቄራ መካከል ትወድቃለች። ከእሷ ቀጥሎ ወደ ምዕራብ ያለችው ሆለታ አካባቢ ናት። ወደ ሰሜን ያለችው ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታና በጫንጮ መካከል ናት። ሳንሱሲ ላይ ምንም ነጥብ የለም። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በአማካይ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት መስመር ኮድ ናት። የሳንሱሲን ድርሻ በወረቀት አሰላሁት፦ ከግማሽ በላይ ሜክሲኮ፣ አንድ አምስተኛው ሆለታ፣ የቀረው ከእንጦጦ ማዶ። እናቴን በርበሬ ያስጣኋት በሜክሲኮ ዝናብ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን እንጦጦንም እንደ ሜዳ ቆጥሬዋለሁ።

አንዷ የጂኤፍኤስ ሳጥን 750 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም ትሸፍናለች። አዲስ አበባ በሙሉ 527 ናት። ከተማዋ ከነክፍለ ከተሞቿ ከአንዲት ሳጥን ታንሳለች ማለት ነው። የከሰዓት ነጎድጓድ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ሞዴሉ አልዋሸም። «በዚህ ሰፊ አካባቢ በአማካይ ይህን ያህል ነው» ነበር ያለው። «የእማዬ ጣሪያ ላይ አይዘንብም» ያልኩት እኔ ነኝ። ያልኩትም በቃል ሳይሆን በቀለምና ካርታውን ጣሪያ ድረስ እንዲጎላ በመፍቀድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካርታውን ያሻሻልኩት በአብዛኛው በማስቀየም ነው። ማለስለሻውን አጠፋሁ፤ ሳጥኖቹ እንደ ሳጥን ይታያሉ። ጓደኛዬ «ምነው ማይንክራፍት አስመሰልከው?» አለኝ። ከተወሰነ ርቀት በላይ ማጉላትም ከለከልኩ። ሠፈር ለይቶ የማያውቅ ዳታ ጣሪያ ማሳየት የለበትም።

ቀጥሎ «ይዘንባል፣ አይዘንብም» የሚለውን አወጣሁት። ኖኣ ሌላም ነጻ ነገር አለው፤ ያው ሞዴል የመነሻ ሁኔታው በጥቂቱ እየተለወጠ 31 ጊዜ ይሠራል። ዛሬ ጠዋት ያለው አየር በትክክል ተለክቶ ስለማያልቅ፣ ጥቃቅን ልዩነት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ነው። ለእናቴ «31 ሽማግሌ ተሰብስቦ ስንቱ ይዘንባል አለ ማለት ነው» ብዬ አስረዳኋት። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ የሚያወሩት ስለ ሰፊው አካባቢ እንጂ ስለ ግቢያችን እንዳልሆነ ነገርኳት። ካርታው አሁን የሚያሳየው ያንን ቁጥር ነው።

እኔ ከግማሽ በላዩን «ዝናብ» ብዬ ቀለም ልቀባ ስል ከለከለችኝ። «ለልብስ ከሆነ 10 ሽማግሌ ቢል እንኳ አሰጣለሁ፤ ልብስ ቢረጥብ ይደርቃል። ለበርበሬ ግን 3ትም ብዙ ነው» አለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮባቢሊቲ ተምሬያለሁ፣ ኤም አግኝቼበት ሳይሆን ወድጄው ነው የተማርኩት። ግን መስመሩን የሚያሰምረው የሚጠፋበት ሰው እንጂ ካርታ ሠሪው አለመሆኑን ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። ስለዚህ መስመሩን ከኮዱ አወጣሁት። ገጹ ላይ ቁጥሩ አለ፤ ወሰኑን ተጠቃሚው ይምረጥ።

ሦስተኛው ማሻሻያ ወደ ኋላ ወሰደን። ቺርፕስ የሚባል ሌላ ክፍት ዳታ አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ያሉ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር የሠሩት ነው፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ በየ5 ኪሎ ሜትር ተኩሉ ይዟል። ሳተላይት የደመናን አናት ቅዝቃዜ ይለካል፤ በጣም የቀዘቀዘ አናት ብዙውን ጊዜ የዝናብ ደመና ነው። ያ ግምት ከመሬት ጣቢያዎች ልኬት ጋር ይዋሃዳል። በዚህ ሲታይ አዲስ አበባ 17 ሳጥን ያህል ትሆናለች። ወራቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ነበረብኝ፤ የፈረንጆቹ ጁላይ የሰኔን የመጨረሻ ሳምንትና ሐምሌን እስከ 24 የያዘ ነው። የየቀኑን ዝናብ እንደገና ደመርኩ። ጳጉሜም የራሷን አጭር ዓምድ አገኘች።

እናቴ የቆቦ ልጅ ናት። ሥራው ሲያልቅ «የአንቺን አገር ላሳይሽ?» አልኳትና የ1976 ክረምትን ከፈትኩ። ከአማካይ በታች የሆነው ቡናማ ነው። ወሎ ቡናማ ነበረች። ዝም ብላ አየችና «ደመናው ይመጣ ነበር እኮ» አለች። «ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል።» ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ስለ ሰባ ሰባት ብዙ አታወራም፤ ያን ማታም ከዚህ በላይ አላወራችም።

እኔ ግን የዳታውን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ቺርፕስ የተሠራው ፊውስ ኔት ለሚባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲያገለግል ነው። ፊውስ ኔት የተቋቋመው ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛው በሰባ ሰባት ረሃብ ምክንያት። «ነጻ» እያልኩ ያወረድኩት ፋይል ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎበታል፣ ከከፈሉትም አንዷ ከጎኔ ተቀምጣለች። በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቆም የፊውስ ኔት ገጽ ለወራት ከኢንተርኔት ጠፋ። ነጻ ማለት ዘላለማዊ ማለት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ የኢትዮጵያን ቁራጭ በሙሉ ሃርድ ዲስኬ ላይ ገለበጥኩ።

ሳተላይቱም የማያየው አለ። ተራራ ላይ ከዝቅተኛና ሞቅ ካለ ደመና የሚወርደውን ዝናብ ያሳንሰዋል፤ ሀገራችን ደግሞ ተራራ ናት። ስህተቱን የሚያርመው መሬት ላይ ያለ መለኪያና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሄዶ የሚያነበው ሰው ነው። በየከተማው ግቢ ውስጥ ያ ነጭ የመለኪያ አጥር አጠገብ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ የእኔ ካርታ እግሩ እዚያ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እኛም አንድ አቆምን። ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ከጣሪያውና ከዛፉ ራቅ ብሎ እንጨት ላይ ታስሯል። ውስጡ ማስመሪያ ይገባል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እናቴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ታነባለች፣ ትደፋለች፣ ቁጥሩን ትልክልኛለች። በአንድ ጣሳ ሳይንስ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን ገጹ ላይ ከሳጥኑ ግምት ጎን «ሳንሱሲ፣ የተለካ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ካርታው ውስጥ የሳንሱሲ የሆነ ነገር ያ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ካርታው 0 ብሎ አደረ። ጠዋት ቢሮ ስደርስ የእናቴ መልእክት ቀድሞኝ ነበር።

«9። በርበሬውን አላሰጣሁትም፣ ወጨጫ ጠቁሮ ነበር። ለካርታህ ንገረው።»