ከጭድ ተራ የተገዛ 5 ሜትር ገመድ

መርካቶ፣ ጭድ ተራ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ነገ ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ። የምፈልገው ገመድ፣ ክብ ቆርቆሮና የሚያሰጥመው ብረት ነው። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። አዲስ አበባ በእንጨትና በጭቃ ስትሠራ ያለ ጭድ ምርጊት አልነበረም፤ የሠፈሩ ስም ያንን ዘመን ይዞ ቀርቷል።

ገመድ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ።

«ልጄ፣ ለከብት ነው?»

«አይደለም እማማ፣ የጣናን ውሃ ልለካበት ነው።»

«ታዲያ 5 ሜትር ምን ይሆንልሃል? ጣና ባሕር አይደል እንዴ!»

ለእኛም ባሕር ነው፤ ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ግን ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምለካው ጥልቀቱን ሳይሆን ጥራቱን ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ሁለት ሩቡ ጥቁር፣ ሁለት ሩቡ ነጭ ይቀባና ከታንኳ ይወርዳል። ከዓይን የጠፋበትና ሲሳብ ተመልሶ የታየበት ጥልቀት አማካይ ይመዘገባል። ዘዴውን በ1865 እ.አ.አ. በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በሮማው ጳጳስ መርከብ ላይ የፈተኑት ኢጣሊያዊው ቄስ አንጀሎ ሴኪ ናቸው፤ የባሕር ተመራማሪዎች ዛሬም ይሠሩበታል።

«ለልክ ከሆነ ናይለን አትውሰድ፤ ሲረጥብ ይሳባል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልኩ አንዴ ከተዛባ የዓመቱ መዝገብ ይበላሻል። ውሃ የማይጠጣውን የፕላስቲክ ገመድ ቆረጡልኝ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀይ ክር አስርበታለሁ።

በክረምት ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ሲገቡ፣ አፋቸው ላይ ቆርቆሮው ክንድ ሳይወርድ ይጠፋል። በጣና ብቻ ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ የሚያድኑትም በዓይናቸው ነው። በዚያው ክረምት ብዙዎቹ ነጭ ዓሦች ሊራቡ ወደ ወንዞቹ ሲወጡ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከ1991 እስከ 2001 እ.አ.አ. ቁጥራቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መመናመኑ የታወቀው ተመራማሪዎች እየቆጠሩ ስለመዘገቡ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ወንዙ ለመረብ የሚዘጋበትን ሳምንት ለመወሰን ግን መዝገብ ያስፈልጋል።

በጣና ዙሪያ የምታስተምሩ መምህራን፣ ይህ ዕቃ ከየትም ገበያ ይገኛል። እኩለ ቀን ላይ፣ በጀልባው ጥላ በኩል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ለኩ። ቀኑን ጻፉ፤ መዝገቡንም ባሕር ዳር ላለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ስጡ።