አክሱም ስትሄዱ ማንን ታምናላችሁ?

የከተማ ልጅ መቼም መሸወድ አይወድም። ለጉዞ ሲነሳ ከሻንጣው በፊት የሚያዘጋጀው ጥርጣሬውን ነው። አስጎብኚው ገና አፉን ሲከፍት ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ቀደዳው ጀመረ!» ይላል። ሌላው ደግሞ አለ፤ የተነገረውን ሁሉ ሳያኝክ የሚውጥ። አዲስ አበባ ሲመለስ ካፌ ቁጭ ብሎ ያንኑ እንዳለ ይዘረግፈዋል። አንድ ሰው «ማን ነገረህ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ዝም! ሁለቱም የትራንስፖርት ገንዘባቸውን አውጥተዋል፤ ሁለቱም ዕውቀት ሳይይዙ ተመልሰዋል።

ይህ ነገር እንደ አክሱም ፈትኖ የሚያሳይበት ከተማ የለም። ለምን ቢሉ፣ እዚያ ዓይናችሁ የሚያሳያችሁ ድንጋይ ብቻ ነው። የቀረውን የምታውቁት ከሰው አፍ ነው።

ከሐውልቶቹ እንጀምር። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ ይገመታል። ማን ጣለው? የአገሬው ትውፊት «ዮዲት ጉዲት ናት» ይላል። ብዙ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ ገና ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። ጎበዝ አስጎብኚ ሁለቱንም ይነግራችኋል፤ የትኛው የማን ቃል እንደሆነም ይለይላችኋል። እዚያው አጠገብ የቆመው 24 ሜትሩ ሐውልት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወሰዱት፤ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ ቆመ። ይህንን በዓይኑ ያየ ሰው አክሱም ውስጥ ሞልቷል። «ሲመጣ የት ነበሩ?» ብላችሁ አንድ ትልቅ ሰው ብትጠይቁ ከመጽሐፍ የማታገኙትን ትሰማላችሁ።

በሽሬ መንገድ ወጣ ስትሉ ደግሞ ዱንጉር አለ። «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይባላል። ፍርስራሹን የቆፈሩት ባለሙያዎች ግን ሕንፃው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተሠራ የመኳንንት ቤት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ንጉሥ ሰሎሞን ከነበረበት ዘመን ጋር ሲተያይ 1,500 ዓመት ያህል ልዩነት አለው። ታዲያ የአገሩ ሰው ዋሸ ማለት ነው? የለም! እሱ የሰማውን ነው የነገራችሁ። «ይባላል» እና «ተቆፍሮ ታየ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥፋቱ አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ላይ ነው።

«እኔ የማምነው የተጻፈ ብቻ ነው» የምትሉ አራዶችም አላችሁ። መልካም! ወደ ዐፄ ካሌብ መቃብር በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ በትንሽ ጎጆ ውስጥ፣ ገበሬዎች ያገኙት የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አለ። በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ተጽፎበታል፤ ንጉሡ በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ይናገራል። ግን እስቲ አስቡት፣ ድንጋዩን ያስጻፈው ራሱ ባለ ድሉ ነው። ቤጃዎቹ ቢጽፉት ኖሮ እንዲያ ይሉት ነበር? ደግሞስ ከእናንተ መሃል ግሪኩን ማን አነበበው? ያነበበላችሁን ሰው አምናችሁ እኮ ነው። ጽሑፍም ቢሆን የሰው ቃል ነው፤ ልዩነቱ ድንጋይ ላይ መቀመጡ ነው።

መጨረሻ ላይ አክሱም ጽዮን ትደርሳላችሁ። ጽላተ ሙሴ አለበት ወደሚባለው ቤት የሚገባው ዕድሜ ልኩን ለዚያ የተመደበው አንድ ጠባቂ መነኩሴ ብቻ ነው። እናንተ አጥሩ ውጭ ትቆማላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ «ገብቼ አይቻለሁ» ብሎ የሚምል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ የሌላውንም ወሬውን በጥንቃቄ ስሙ። «እኔም አላየሁም፣ አባቴም አላዩም፤ ግን እናምናለን» የሚላችሁን ሰው ግን ያዙት። ዕውቀቱ የት ላይ እንደሚቆም የሚነግራችሁ ሰው፣ ከዚያ መለስ ያለውን ሲነግራችሁ ሊታመን ይገባዋል። እምነታችሁ የተለየ ቢሆንም እንኳ ሙድ አትያዙበት።

ሙድ መያዝ የሚጎዳው ራሳችሁን ነውና። ሰው የሚያውቀውን የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ሲስቁበት ያየ ሽማግሌ ለሁሉም ጎብኚ የሚለውን አጭሩን ወሬ ነግሯችሁ ዞር ይላል። እናንተም «ምንም አያውቁም» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ጠዋት ከሆነ መጀመሪያ «ከመይ ሓዲርኩም» በሉ። ቡና ከተጠራችሁ አቦሉን ጠጥታችሁ አትሩጡ፤ ቶናና በረካውንም ጠብቁ። ቁም ነገር የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። «እንዴት አወቁ?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ነውሩ አጠያየቁ ላይ ነው። «ማን ነገረዎት አባቴ?» ሲባሉ ደስ ብሏቸው የአያታቸውን ስም ሳይቀር ይጠሩላችኋል። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲባሉ ግን ይከፋሉ።

ከባድ ነገርም አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ በተለይም ኅዳር 2013፣ በአክሱም ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገድሏል። ይህን ከተማ ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው የሐዘንተኛ ደጅ ላይ መቆሙን ይወቅ። ስለዚያ ጊዜ እናንተ ጀምራችሁ አትቆፍሩ፤ ካሜራም አትደቅኑ። ያመነባችሁ ሰው ራሱ ከጀመረው ግን ሳታቋርጡ ስሙት። አደራ ነውና ካፌ ውስጥ የጨዋታ ማድመቂያ አታድርጉት። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታም በሰሞኑ ደርሶ ከተመለሰ ሰው ጠይቁ እንጂ «ሰላም ነው አሉ» በሚል ወሬ አትሂዱ።

ከአክሱም ስትመለሱ እናንተም በተራችሁ ምስክር ናችሁ። ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ፤ ያልደረሳችሁበትንም «አላውቅም» በሉ። ያኔ የሚቀጥለው ተጓዥ እናንተን አምኖ ይነሳል።

መልካም ጉዞ!