ክላሰሩ ውስጥ የተገኘው

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ስላየሁት የተማሪዎች ፖርትፎሊዮ ነው። ፖርትፎሊዮን እኛም እናውቀዋለን። ለልምምዱ ሪፖርት ብለን የምናዘጋጀው፣ የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ሌሊቱን ስንጠርዝ የምናድርለት ነገር ነው። የ9ኛ ክፍል ልጆች ሲይዙት ግን ሌላ መልክ አለው።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ወረቀት መያዣ እንደማለት ነው። ሠዓሊዎችና አርክቴክቶች ሥራቸውን ለማሳየት ይዘውት የሚዞሩት አቃፊ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የገባው ኋላ ነው። ነባሩ ትምህርታችን እንዲህ ያለ ወረቀት አያከማችም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል፣ በማግስቱ ደግሞ አዲስ ይቆጥራል። ዓምና ምን ነበርኩ ብሎ ገልጦ የሚያየው ነገር ባይኖረውም መምህሩ ያውቀዋል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በልቡ ይዞታል። እንግዲህ በአንድ ክፍል 58 ተማሪ፣ በሳምንት አምስት ክፍል የሚያስተምር መምህር ይህን ሁሉ በልቡ ይያዝ ማለት አይቻልም። ክላሰሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል።

አማካሪ መምህሬ ሥራውን የጀመሩት እኔ ከመድረሴ በፊት፣ በኅዳር ወር ነው። ክላሰር መግዛት የቻለ ገዛ፤ ያልቻለው ከካርቶን ቆርጦ በሲባጎ አሰረ። የታረመ ድርሰት፣ የክፍል ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ማመልከቻ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። በሰኔ መጀመሪያ ላይ ተማሪው ክላሰሩን ከፍቶ ካየ በኋላ «በዚህ ዓመት ምን ተማርኩ?» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ያስረክባል። ለደብዳቤው 10 ማርክ ተይዞለት ነበር።

ከ58ቱ 39 ደብዳቤ መጣ። አርሚ ተብዬ ወደ ቤቴ ይዣቸው ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ያህል እንዳነበብኩ ማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። «መምህራችን በጣም ጎበዝ ናቸው፣ ብዙ ዕውቀት ገብይቻለሁ፣ ወደፊትም ጠንክሬ እማራለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።» አንዱ እንዲያውም ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ገልብጦ የልጁን ቁጥር ጭምር ጽፏል። ስለ ራስህ ጻፍ የሚባል ነገር ተኮረጀ! ልጆቹን ግን አልፈርድባቸውም። 10 ማርክ ያለው ጥያቄ ሲቀርብላቸው መልስ አለው ብለው ነው የሚያስቡት፤ መልሱ ደግሞ መምህሩን ማስደሰት ነው።

የበለጠ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ምስጋናውን አልፈው ስለ ትምህርታቸው የጻፉት ልጆች ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያነሱት ሦስት ነገር ነው፤ የእጅ ጽሑፍ፣ ሥርዓተ ነጥብና የፊደል ግድፈት። ሌላ ምንም የለም። ለምን ይሆን ብዬ ክላሰሮቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። በየወረቀቱ ላይ ያለው ቀይ እስክሪፕቶም የሚናገረው እነዚያኑ ሦስት ነገሮች ነበር። አራት ነጥብ ተጨምሮበታል፣ ሀሌታው ሀ ተስተካክሏል፣ ከታች «የእጅ ጽሑፍህን አሻሽል» ይላል። ልጁ ስለ ራሱ የሚያወራበትን ቃል ያገኘው ከዚያ ነው።

አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። በኅዳር «የአካባቢዬ ችግር» በሚል ርዕስ የጻፈው ድርሰት «አገራችን ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ የ13 ወር ጸጋ ባለቤት ናት» ብሎ ይጀምርና የራሱ ሠፈር የሚደርሰው በመጨረሻው መስመር ነው። በግንቦት ለቀበሌ የጻፈው ማመልከቻ ግን «በሠፈራችን ያለው ቦኖ ውኃ ካቋረጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል» ብሎ ይነሳል። ሁለቱን ያየ ሰው አንድ ልጅ ጻፋቸው አይልም። በደብዳቤው ላይ ግን ተሻሻልኩ ያለው የእጅ ጽሑፉን ነው። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት።

«የትኛው ይሻላል?»

«የግንቦቱ።»

«ለምን?»

«ንጹሕ ነው ቲቸር፤ ስርዝ ድልዝ የለውም።»

«እሺ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር የትኛውን ቢያነብ ነው ውኃው የሚሠራው?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ኧረ የኅዳሩን ካነበበማ ውኃው ጋ ሳይደርስ ለምሳ ይወጣል!»

በማግስቱ ደብዳቤውን እንደገና ጽፎ አመጣ። መጀመሪያ የሚፈልገውን መናገር እንደተማረ፣ ድሮ ግን ድርሰት ሁሉ ከአገር መጀመር ያለበት ይመስለው እንደነበር ጽፏል። ይህን ያወቀው በራሱ ነው። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሁለት ወረቀት ማቀራረብና አንድ ጥያቄ መቀየር ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ወደከበደኝ ደብዳቤ ልምጣ። የጻፈችው ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ ናት። እንዲህ ይላል። «ክላሰሬ ውስጥ ካሉት ሰባት ወረቀቶች ሦስቱ የኔ አይደሉም። የቡድን ሥራ ተብለው ስሜ አራተኛ ላይ የተጻፈባቸው ናቸው። 10 ከ10 የሚሉት ግን እነሱ ብቻ ናቸው። የራሴ የሆኑት 4፣ 5፣ 4 እና 6 ናቸው። ስለ ትምህርቴ ጻፊ ከተባልኩ መጻፍ የምችለው ስለ አራቱ ነው።»

የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ድሮ አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት ውስጥ ያለፍን ሰዎች ነን። አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ የተቀረው ስሙን ያስመዘግባል። ልጅቷ አዲስ ነገር አልነገረችንም፤ አዲሱ ነገር ጽፋ ማስረከቧ ነው።

አማካሪ መምህሬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም አሉ። ማርኩ ይቀነስ ቢባል እውነት የተናገረችውን ብቻ መቅጣት ይሆናል፤ እንዳለ ይተው ቢባል ደግሞ ብቻውን ሲደክም የከረመው ልጅ አለ። በመጨረሻ «ለደብዳቤው 10 ከ10 እንስጣት» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። «መምህር፣ ይሄ ከተሰማ ከርሞ 58ቱም ኑዛዜ ጽፈው ነው የሚመጡት» አልኳቸው። ሳቁና «እውነትሽን ነው ልጄ፤ የዘንድሮው ምስጋና የከርሞው ኑዛዜ ይሆናል» አሉ።

ነገሩ ከአንድ ክፍል በላይ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምናገረው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ 8ኛ ክፍልን ካለፈ በኋላ 12ኛ እስኪደርስ የት እንዳለ የሚነግረው ብሔራዊ ፈተና የለም፤ ያለው የመምህሩ ተከታታይ ምዘና ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች በየዓመቱ ካርድ ተቀብለዋል፣ ከክፍል ክፍል ተዛውረዋል። ካርዱ ሳይነግራቸው የከረመውን ፈተናው በአንድ ሳምንት ነገራቸው። ይቺ ልጅ ግን በ9ኛ ክፍል፣ ገና ሦስት ዓመት ሲቀራት፣ በገዛ እጇ ደምራ ደረሰችበት። ታዲያ ይህን በማርክ መግዛትም በማርክ መቅጣትም ልክ አልመሰለኝም።

ሮስተር ከመዘጋቱ በፊት የተደረሰበት ስምምነት ይህ ነው። ደብዳቤው ማርክ አይኖረውም። 10ሩ ማርክ የሚሰጠው ተማሪው ከክላሰሩ አንድ ወረቀት መርጦ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ እንደገና ለሚጽፈው ሥራ ነው። ልጅቷ የመረጠችው ከሦስቱ የቡድን ሥራዎች አንዱን ነበር። 6 አመጣች።

ማርኩ ሲነሳ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ቀነሰ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በሁለተኛው ዙር የጻፉት 22 ብቻ ናቸው። የተቀሩት «ግዴታ ነው እንዴ ቲቸር?» ብለው አይደለም ሲባሉ ወጥተው ኳስ ሜዳ ሄዱ። አማካሪ መምህሬ እስከ መጨረሻው በዚህ ቅር እንዳላቸው ነው፤ ማርክ የሌለው ነገር እኛ አገር አይሠራም ይላሉ። እኔ ግን 22ቱን አንብቤ አንዱን ከሌላው መለየት ችያለሁ። «የማንበብ ፍጥነቴ እንዳለ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አልተለወጠም» ያለ አለ። «ድርሰት የምጠላው መጀመሪያው ስለሚያስቸግረኝ ነው፣ መሀሉ ቀላል ነው» ያለችም አለች። ለከርሞው መምህር ከዚህ የበለጠ ምን መረጃ ይገኛል?

ክላሰሮቹ ለ10ኛ ክፍል መምህር እንዲተላለፉ ጠይቀን ነበር፤ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ስለሌለ ብዙዎቹ ወደየቤታቸው ወሰዱ። የፈቀዱት ልጆች 31 ክላሰር በአንድ የወረቀት ካርቶን ውስጥ ሆኖ መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። በዚህ መንፈቅ ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ «ምን ተማርክ?» በሚለው ፈንታ ያዘጋጀናቸውን አራት ጥያቄዎች የጻፍንበት ወረቀት በትምህርት ክፍሉ ቢሮ አለ። የመጀመሪያው «ከእነዚህ ውስጥ እንደገና ብትጽፈው የምትመርጠው የትኛውን ነው? ምኑን ትቀይራለህ?» የሚል ነው። ኮፒ ማድረግ ይቻላል።