7518



ኮሎምበስ የምንኖር ወላጆች በየዓመቱ የምትቀርብልን ጥያቄ አለች። “የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ባለፈው እሑድ አክብረዋል፤ የእኛ ፋሲካ ለምን ዛሬ ሆነ?” ብዙዎቻችን “የእኛ ቀመር ሌላ ነው” ብለን እናልፋታለን። ቀመሩን፣ ማለትም ባሕረ ሐሳብን፣ ግን ወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል።

5500 ዓመተ ፍዳ ከ2018 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518ንና 1879ን ደምረን ለ7 ስናካፍል ቀሪው 3 ነው፤ ከማክሰኞ ጀምረን ስንቆጥር እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ። 7518ን ለ19 ስናካፍል ደግሞ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዝተን 30 30ውን ስንገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ስናባዛው መጥቅዑ 18 ይወጣል። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ መስከረም 18 ላይ ያርፋል፤ ቀኑ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቆጥሮ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 4።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆናቸው ነው። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃው በ11 ቀን ይረዝማል፤ 11 እና 19 ደግሞ 30 ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን ሁለቱ ብዜቶች ተደምረው ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ዐቢይ ቀመርም እንዲሁ ነው። የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደትና የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዑደቶች አብረው የሚዘጉት በ532 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ዘንድሮው ሁሉ ፋሲካ በ1486 ዓ.ም.፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ በዚሁ በሚያዝያ 4 ውሎ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለልጆች ያስተምር የነበረ፣ አርኖልድ ሮስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ እዚሁ ከተማችን፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሰመር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሰብስቦ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምርበትን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1964 ወደዚህ አመጣው። መርሁ ቀላል የሚመስለውን ነገር በጥልቀት ማሰብ ነበር። ተማሪዎቹ ቀድመው ከሚሠሩት አንዱ ይኸው የቀሪ ሒሳብ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ልጆች ለዘመናት በቃላቸው ያወጡት የነበረውን ማለቴ ነው። ታዲያ ባሕረ ሐሳብን ለልጆቻችን እንደ ሃይማኖት ታሪክ ብቻ ለምን እንነግራቸዋለን? ሒሳብ ነው፤ ያውም የጠራ ሒሳብ! በሰንበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ልጆቹ ራሳቸው እያካፈሉ ቢማሩት ደስታዬ ወሰን የለውም።

የከርሞው 7519 ነው። ወንበሩ 13፣ መጥቅዑ 7፤ ከ14 ስላነሰ ወደ ጥቅምት ይሻገራል። ቀሪውን ከልጆቻችሁ ጋር አውጡትና ፋሲካ መቼ እንደሚውል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።