ፑልሳር ወይስ ቦክሰር?

ጎንደር ላይ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ ወጣት ብሩን ካገኘ በኋላ አንድ ክርክር ይጠብቀዋል። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው የሚነዱት ፑልሳር ይሻላል ወይስ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ቦክሰር? ሌላው ዓለም ይህንኑ ጥያቄ «ስፖርት ወይስ ክሩዘር» እያለ ይከራከርበታል። እዚህ ሁለቱም የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ አንዱ ለፍጥነት፣ ሌላው ለሥራ።

ዳባት የሚሠራ አንድ የግብርና ባለሙያ ዕቁብ ሲደርሰው ይኸው ምርጫ ገጠመው። እናቱ አዘዞ ናቸው፤ አርብ አርብ ወደ እሳቸው ይወርዳል። ልቡ ያለው ፑልሳሩ ላይ ነበር። ነገሩ ጉራ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎንደር ሰዓት እላፊን አውቃለች። ፈጣን ሞተር ለእሱ ሳይመሽ እናቱ ቤት መግባት ማለት ነው።

ከመግዛቱ በፊት የሰፈሩን መካኒክ አማከረ።

«ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ ይፈጥናል።»

«የት ላይ?»

ሒሳቡን አብረው ሠሩት። ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በሰዓት 50 ቢነዳ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በ75 ቢነዳ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ትርፉ 30 ደቂቃ ነው፤ እሱንም አንድ ኬላ ይበላዋል። ደግሞ ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ደባርቅ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም። ሻጩ የሚነግርህ የፈረስ ጉልበት የቆላ ሰው ሒሳብ ነው።

መካኒኩ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነገረው። «ኬላ ላይ በፍጥነት የሚመጣ ሞተር ያስደነግጣል። መሣሪያ የያዘ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ አትወድም።»

ሞተር በዚህ አገር በጥርጣሬ መታየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አዲስ አበባ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንቅስቃሴውን ስትገድብ የተነሳው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። በጦርነት ጊዜ ግን ጥርጣሬው ስልክ ከመነጠቅ ያለፈ ነው። ያኔ ወጣቱ ብቻውን ጥፋተኛ መምሰል ይጀምራል፤ ያጎነበሰ ከሆነ ደግሞ የሚሸሽ ይመስላል።

ልጁ ቦክሰሩን ገዛ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሲውል፣ ሰልፉ አልደርስ ሲለው በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን በውድ ሲገዛ፣ ትንሽ ስለሚጠጣ አመሰገነው። ኋላው ላይ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ።

ብልህ ምርጫ ነው፤ ማንም ይህን አይክድም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሞተር ሲመርጥ ማሰብ የነበረበት ስለ ቀለሙና ስለ ድምፁ ነበር። እሱ ግን ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል አሰበ።

ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ የወገራ ሜዳ ሲዘረጋ መንገዱ ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ፑልሳሩ ትዝ ይለዋል። በሰዓት 50 ይነዳና ያልፋል።