ዳገት በኪሎ ሜትር አይለካም

ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር በብስክሌት ለመጓዝ ማሰቤን የሰማ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ለደጋ አገር ግን ይህ ጥያቄ አይበቃም።

መንገዱ ከአንበሳሜ በሐሙሲት ወጥቶ ከባሕር ዳርና ከጎንደር አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል። ጉማራን ተሻግሮ እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው፤ እግርን አያደክምም። በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት ጉዞዬን ለኅዳር አድርጌዋለሁ። ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፎ ደብረ ታቦር የቀረው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ ከ1,800 ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ መውጣት ነው። ስለዚህ ወረታ አድሬ ዳገቱን በማለዳ እጀምራለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ መንገድ እየጠረጉ 5 ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ያን ሁሉ ቀን የበላው ርቀቱ ሳይሆን የመድፉ ክብደትና የአገሩ ገደል ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የኔ ጉዞ በወረቀት ላይ ቆይቷል። ወረቀቱን ግን አልቀደድሁትም። ሰላም ሲወርድ አብሮኝ የሚወጣ ጓደኛ ካለ፥ ከጉልበቱ ይልቅ ትዕግሥቱን ይዞ ይምጣ፤ በሶው ከኔ ነው።